ፉክክር በበዛበት ገበያ የፈረስ ሥራዎን እንዴት ያስተዋውቃሉ? ዝርዝር መመሪያ

የፈረስ ሥራ ሸቀጥ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ገዢ እንደሚጠብቅ ንግድ አይደለም። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ደንበኛ መጣም አልመጣም በቀን 10 ኪሎ ግራም ገደማ ድርቆሽ ይበላል፤ ኮቴው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መስተካከል አለበት፤ ክትባቱ፣ የጥርስ ምርመራውና የትል መድኃኒቱም ገበያው እስኪሞቅ አይጠብቁም። ወጪው እንዲህ ስለሚያስጨንቅ ብዙ ባለቤቶች ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ እጃቸው የገባውን ፎቶ ሁሉ ይለጥፋሉ፣ «ሕፃን፣ አዋቂ፣ ጀማሪ፣ ተወዳዳሪ፣ ሁሉንም እናስተናግዳለን» ይላሉ። ጎረቤት ያለው ጋጣም ያንኑ ይላል። ሁሉም ሲመሳሰሉበት ደንበኛው የሚያወዳድረው ዋጋን ብቻ ይሆናል።

ልጁን ከራሱ ቁመት በላይ ከፍ ባለ እንስሳ ጀርባ ላይ የሚያስቀምጥ ወላጅ፣ ፈረሱን ለሌላ ሰው በአደራ የሚሰጥ ባለቤት፣ ለዓመታት አብሮት የሚኖር ፈረስ የሚገዛ ሰው፣ ሦስቱም በልባቸው የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «እነዚህ ሰዎች እውነቱን ይነግሩኛል ወይ?» ማስታወቂያዎ፣ ፎቶዎ፣ ስልክ አነሳስዎ፣ ዋጋዎ ለዚህ ጥያቄ መልስ እየሰጠ ካልሆነ የሚያወጡት ገንዘብ ይባክናል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሱ ናቸው። አብዛኛው ምሳሌዬ ከግልቢያ ትምህርት ቤት ነው፤ ፉክክሩ የሚብሰው እዚያ ስለሆነ። የሌሎችን ፈረስ ተቀብለው የሚያቆዩ፣ የሚያራቡና የሚሸጡም በየቦታው ድርሻቸውን ያገኛሉ።

1. የሚሸጡትን ሰዓት ይቁጠሩ

ስለ ማስታወቂያ ከማሰብዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። 6 ፈረሶች አሉዎት እንበል። እያንዳንዱ በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢሠራ ጠቅላላው በሳምንት 90 የፈረስ ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲያሠሩት ፈረሱ መጀመሪያ ይደክማል፣ ቀጥሎ ይሰለቻል፣ ውሎ አድሮ ኮርቻ ገና ከሩቅ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ማጠፍ ይጀምራል። እዚያ የደረሰ ፈረስ በምንም ማስታወቂያ አይሸጥም። ስለዚህ 90ው ጣሪያዎ ነው።

አሁን ያለፈውን ወር መዝገብ አውጥተው ስንቱ ሰዓት እንደተሸጠ፣ ስንቱ ባዶ እንደቀረ፣ ባዶው በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት ላይ እንደሚበዛ ምልክት ያድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሥዕል ተመሳሳይ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቦታ አይገኝም፣ ማክሰኞ ጠዋት ግን ፈረሶቹ ቆመው ይውላሉ። 6ቱም ፈረሶች ቅዳሜና እሑድ ከሠሩ ከ90ው ሰዓት 36ቱ በነዚያ ሁለት ቀናት ያልቃል። የቀረው 54 ሰዓት የሥራ ቀን ነው። ችግርዎ ያለው እዚህ ከሆነ «ቅዳሜ ልጆችዎን ይዘው ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ ገንዘብ ከማባከን አልፎ የሚመጣውን ሰው «ቦታ የለም» ብሎ ማስከፋት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነፃ የሚሆነው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፦ ጡረተኞች፣ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ጥቂት ሰዓት የሚተርፋቸው ወላጆች፣ ለተማሪዎቻቸው ከክፍል ውጭ ትምህርት የሚፈልጉ ትምህርት ቤቶች። ከነዚህ ጋር ገና ማንም በወጉ እየተነጋገረ ላይሆን ይችላል።

ፈረስ የሚያቆዩ ከሆነ የሚቆጥሩት ባዶ ጋጣ ነው። የሚያራቡ ከሆነ ደግሞ ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ገደማ ስለሆነ ገዢ የማፈላለጉ ሥራ ውርንጭላው ከመወለዱ ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ውርንጭላው እግሩ ሥር እየዘለለ «ገዢ የት ይገኛል?» ብሎ የሚነሳ አርቢ በቸኮለ ዋጋ ይሸጣል።

2. አንድ ደንበኛ ይምረጡ፤ ምርጫውንም ከፈረሶችዎ ይጀምሩ

በልጅነቷ ጋልባ ከ20 ዓመት በኋላ መመለስ የምትፈልግ ሴት፣ ለውድድር የሚዘጋጅ ጎረምሳ፣ ለአንድ ቀን መዝናናት የመጣ ጎብኚና ፈረስ ነክቶ የማያውቅ የ7 ዓመት ልጅ የሚፈልጉት አይገናኝም። አንዷ ትዕግሥት ትሻለች፣ አንዱ ጫና ይፈልጋል፣ አንዱ ጥሩ ፎቶ ይዞ መመለስ ይበቃዋል፣ ልጁ ደግሞ ጨዋታ ነው የሚያምረው። አራቱንም በአንድ ማስታወቂያ ለመጥራት የሚሞክር ሰው ማንንም አይጠራም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ምርጫውን ከምኞታቸው ሲጀምሩ ነው። ስለ ውድድር ማውራት ስለሚያኮራ የውድድር ጋጣ ነን ይላሉ፤ ጋጣው ውስጥ ያሉት ግን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ረጋ ያሉ፣ ምንም ቢንኮሻኮሽ የማይደነግጡ ፈረሶች ናቸው። ለፈራ ጀማሪ ከእነዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም! ፈረሶችዎን አንድ በአንድ ይመልከቱና ለማን ዓይነት ሰው ያለ ሥጋት እንደሚሰጧቸው ይጻፉ። ዝርዝሩ ራሱ ደንበኛዎን ይነግርዎታል።

ከዚያ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ይሙሉ፦ «እኛ እንዲህ ያሉ ሰዎችን እዚህ ደረጃ እናደርሳለን፤ ይህንንም በዚህ ማየት ይችላሉ።» ለምሳሌ፦ «ፈረስ የሚፈሩ አዋቂዎችን በራሳቸው ሶምሶማ እስኪያስኬዱ ድረስ እናስተምራለን፤ በአንድ አሰልጣኝ ሥር በአንድ ጊዜ ከ3 ሰው በላይ አናስተናግድም፣ ፈረሱንም በየጊዜው አንቀያይርም።» የመጨረሻዋ ክፍል ዋናዋ ናት። «ምርጥ»፣ «ልዩ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው» ማለት ለማንም ቀላል ነው። ከ3 ሰው በላይ አልቀበልም ማለት ግን ዋጋ ስለሚያስከፍል ተፎካካሪው በቀላሉ አይቀዳውም።

3. ተፎካካሪዎችዎን እንደ ደንበኛ ይዩዋቸው

በአካባቢዎ ያሉትን ጋጣዎች ዘርዝረው ለእያንዳንዱ ይደውሉ፤ ካልሆነም ዘመድዎ እንዲደውልልዎ ያድርጉ። ስልኩ ስንት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ? ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ስለ ጋላቢው ዕድሜ፣ ክብደትና ልምድ ጠየቁ? ለጽሑፍ መልእክት መልስ የሰጡት በዚያው ቀን ነው ወይስ በሦስተኛው? ከቻሉ ከፍለው አንድ ክፍለ ጊዜ ይማሩ።

ከዚያ ጉግል ካርታ ላይ ደንበኞች የጻፉላቸውን አስተያየት ያንብቡ። ባለ 5 ኮከቡን ይለፉት፤ ባለ 1 ኮከቡም ብዙ ጊዜ የንዴት ነው። የሚጠቅምዎ ባለ 3 ኮከቡ ነው፤ የጻፈው ሰው ቦታውን ሊወደው ፈልጎ አንድ ነገር ያጎደለበት ነውና። በአምስት ቦታ ስድስት ጊዜ «በየሳምንቱ ሌላ ፈረስ ይሰጡኛል»፣ «አሰልጣኙ ስልኩ ላይ ነበር»፣ «ዝናብ ሲሆን ገንዘባችን ይመለስ አይመለስ አልነገሩንም» የሚል ካዩ በሩ የተከፈተልዎ እዚያ ጋ ነው። ቅሬታውን የሚፈታ አሠራር ያቁሙና በግልጽ ይጻፉት።

የተፎካካሪን ስም ማንሳት ግን ነውር ነው፤ ደግሞም አያዋጣም። የፈረስ ዓለም ጠባብ ናት። የእንስሳት ሐኪሙ፣ የኮቴ ባለሙያው፣ መኖ አቅራቢው በሁሉም ጋጣ ይዞራሉ፤ ጠዋት ያወሩት ከሰዓት ይደርሳል። ዛሬ ያከበሩት ጎረቤት ነገ ቦታ ሲሞላበት ሰው ይልክልዎታል።

4. ከማስታወቂያው በፊት የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ያስተካክሉ

አዲስ ደንበኛ ከመኪናው ወርዶ ፈረስ እስኪነካ ያለው ጊዜ ከየትኛውም የተከፈለ ማስታወቂያ ይበልጣል። ራስዎ በእንግዳ ዓይን ይሂዱበት። በሩ ላይ ምልክት አለ? መኪናውን የት ያቁም? ከመኪናው ሲወርድ ሰላም የሚለው ሰው አለ ወይስ አካፋ የያዘ ሠራተኛ ቀና ብሎ አይቶት ሥራውን ይቀጥላል? ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው? ለትልቅም ለትንሽም ጭንቅላት የሚሆን፣ ያልተሰነጠቀ፣ ላብ ላብ የማይል ሄልሜት አለ?

ፈረስ የማያውቅ ሰው የኮቴን ጤንነት ወይም የኮርቻን ልክ መመዘን አይችልም። ስለዚህ በሚያውቀው ነገር ይመዝንዎታል፦ በጋጣው ሽታ፣ በዝንቡ፣ በውኃ ገንዳው ንጽሕና፣ መሬት ላይ በተጣለ ገመድ፣ ሠራተኛው ለፈረሱ በሚናገርበት ድምፅ። ፈረስ የሚያውቀው ደግሞ በቀጥታ ኮቴና ጀርባ ያያል። ሁለቱም አይተው እንዲረኩ ጋጣውን በሥራ ሰዓት ሁሉ እንግዳ እንደሚመጣበት አድርጎ መያዝ ነው።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምር። በእያንዳንዱ ጋጣ በር ላይ የፈረሱን ስም፣ ዕድሜ፣ ጠባይና የሚወደውን የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ ይስቀሉ። «ጆሮዋን መነካት አትወድም፤ አንገቷን ሲያኩላት ግን ዓይኗን ትጨፍናለች» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ልጅ ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ስለዚያች ባዝራ ነው።

5. ፎቶና ቪዲዮ፦ እዚህ ላይ ጊዜዎን አይቆጥቡ

በፈረስ ሥራ መጥፎ ፎቶ ፈረሱን ሌላ እንስሳ ያደርገዋል። ስልክ ይዞ ከፊት ለፊት በቅርብ የሚነሳ ፈረስ ጭንቅላቱ ግዙፍ፣ የኋላ እግሩ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት። ፀሐይ ከእርስዎ በስተጀርባ ትሁን፤ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ሲሆን ጥላው አይከብድም። ወደ ጎኑ ሄደው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይራቁና ስልኩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ወደ ፈረሱ ሆድ አጋማሽ ቁመት ዝቅ ያድርጉት፤ ከራቁበት ሆነው ምስሉን በመጠኑ ያቅርቡ። አራቱም እግሮች እንዲታዩ በካሜራው በኩል ያሉት ሁለቱ ከወዲያኞቹ ትንሽ ከፈት ብለው ይቁሙ። ከኋላው የቆሻሻ ጋሪ፣ ባልዲ፣ የቆመ መኪና እንዳይኖር ይዩ። በመጨረሻ አንድ ሰው ከእርስዎ ጎን ሆኖ ላስቲክ ያንኮሻኩሽ፤ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ፊት የሚያቆምባት ቅጽበት ፎቶዋ ናት።

ፈረስ የሚሸጡ ከሆነ ከፎቶው በላይ ቪዲዮው ይናገራል። ከሜዳ ሲያዝ ጀምረው ይቅረጹ፦ ሲቦረሽ፣ አራቱን እግር ሲያነሳ፣ ኮርቻ ሲጫንበት፣ ሰው ሲወጣበት ቆሞ ይጠብቅ እንደሆነ፣ ከዚያ እርምጃውን፣ ሶምሶማውን፣ ግልቢያውን በቀኝም በግራም ዙር። ወደ ካሜራው ሲመጣና ሲሄድም ያሳዩ፤ የእግር አጣጣል የሚታየው በዚያ ነው። አይቆራርጡት፣ ሙዚቃ አይጫኑበት። ልምድ ያለው ገዢ ቪዲዮው በተቆረጠ ቁጥር «እዚህ ጋ ምን ሆነ?» ይላል። ጉድለቱን ደግሞ አስቀድመው ይጻፉት፦ «መኪና ላይ ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ለጀማሪ አይሆንም።» ይህን ያነበቡ የማይሆኑ ገዢዎች ከቤታቸው ሳይነሱ ይቀራሉ፣ የሚመጣው ደግሞ አምኖዎት ይመጣል። ገዢው የራሱን የእንስሳት ሐኪም ይዞ እንዲያስመረምር ሳይጠየቁ ይጋብዙ። ከዚያ በኋላ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ነው። የት እንደሚለጥፉም ይጠንቀቁ፤ ለምሳሌ ፌስቡክ በማርኬትፕሌሱ ላይ ሕይወት ያለው እንስሳ መሸጥን ይከለክላል፣ ገጽዎንም ሊያሳጣዎት ይችላል።

ለትምህርት ቤት ግን ፈረስ ብቻውን ቆሞ የሚታይበት ፎቶ አይበቃም። ደንበኛዎ ራሱን የሚያይበት ምስል ያስፈልጋል። ደንበኛዎ የ50 ዓመት ጀማሪ ከሆነ ገጽዎ ላይ የ50 ዓመት ጀማሪ ይኑር፤ ዳኛ ፊት የሚዘል ወጣት ያን ጀማሪ ያስፈራዋል እንጂ አይጠራውም። የሰው ፎቶ ሲለጥፉ ፈቃድ ይጠይቁ፣ የልጆች ከሆነ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። ሄልሜት የሌለው ጋላቢ፣ የተንጠለጠለ የደረት ቀበቶ፣ ተረከዙ ከእርካቡ ያለፈ ልጅ ያለበትን ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር አይለጥፉ። የሚያውቅ ሰው በአንድ አፍታ ያየዋል።

6. የሚፈልግዎ ሰው እንዲያገኝዎ ያድርጉ

ሰው «በአቅራቢያዬ ያለ የፈረስ ግልቢያ» ብሎ ሲፈልግ የሚወጣው መጀመሪያ ካርታ ነው። በጉግል ካርታ ላይ ንግድዎን በነፃ አስመዝግበው ትክክለኛውን መግቢያ በር፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክና የቅርብ ጊዜ ፎቶ ያስገቡ። ጋጣዎች ብዙ ጊዜ ከዋና መንገድ ስለሚርቁ ምልክቱ በተሳሳተ ቦታ ተቀምጦ ደንበኛ ማዶ እርሻ ውስጥ ሲንከራተት ይውላል። ራስዎ በስልክዎ ተመርተው ይሞክሩት።

ድረ ገጽ ካለዎት አንድ ገጽ እንኳ ይበቃል፤ መመለስ ያለበት ግን ሰው ለመጠየቅ የሚያፍረውን ጥያቄ ነው። ዋጋው ስንት ነው? ምን ልልበስ? ስንት ዓመት የሞላው ልጅ ይቀበላሉ? ዝናብ ቢዘንብስ? የመድን ሽፋን አላችሁ? ክብደቴስ? ስለ ክብደት ብዙዎች ዝም ይላሉ፤ ሰውየው ግን በር ላይ ደርሶ ሰው መሃል እንዲዋረድ ያደርጋሉ። በብዙ ጋጣዎች የተለመደው መለኪያ ጋላቢውና ዕቃው ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 450 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ 90 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው፤ ኮርቻውና ሌላው ዕቃ 10 ከወሰደ ለጋላቢው 80 ይቀራል። ይህን ስሌት በትሕትና ከነምክንያቱ ይጻፉት። ከመለኪያው በላይ የሆነው ሰው እንደተከበረ ይሰማዋል፤ ሌላው አንባቢ ደግሞ ለፈረሶቻችሁ እንደምታስቡ ያያል።

በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል ሁሉም ቦታ ለመሆን አይሩጡ። ደንበኛዎ የሚውልበትን አንዱን መርጠው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያቋርጡ መለጠፍ በአራት ቦታ ጀምሮ ከመተው ይሻላል። የሚለጠፍ ነገር ከጋጣ አይጠፋም፤ የኮቴ ባለሙያው ሲሠራ፣ ፈረሶቹ በእረፍት ቀናቸው ሜዳ ላይ ሲንከባለሉ፣ አንዲት ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶምሶማ ስታስኬድ ፊቷ። «ይምጡ፣ ይመዝገቡ» የሚለውን ያሳንሱ። የተከፈለ ማስታወቂያ ካወጡ ደግሞ ሰው ሊነዳበት ከሚችለው ርቀት ውጭ አይበትኑት፤ በየሳምንቱ የሚመጣ ተማሪ ሁለት ሰዓት መንገድ አይጓዝም።

7. ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው?

ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ማስታወቂያ የሚሞተው ስልክ ላይ ነው። ጥሪው የሚመጣው እርስዎ ፈረስ ይዘው ሳለ ነው፤ ሲመልሱለት ደንበኛው ሌላ ቦታ ተመዝግቧል። ስለዚህ ስልክ የሚያነሳ ሰው በሰዓት ይመድቡ፤ ካልተቻለም «አሁን ፈረስ ላይ ነን፤ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደውላለን» የሚል መልእክት በራሱ እንዲላክ ያድርጉና በተባለው ሰዓት ይደውሉ።

አነጋገሩም ያው ለእምነት ነው። አንዲት እናት ደውላ «ዋጋው ስንት ነው?» አለች እንበል። ዋጋውን ብቻ ነግረው ከዘጉ ሌሎች ሦስት ቦታ ደውላ ትንሹን ትመርጣለች። ይልቅ እንዲህ ይሞክሩ፦

«ዋጋውን እነግርዎታለሁ፤ የሚጋልበው ማን ነው?»
«ልጄ ናት፣ 9 ዓመቷ ነው። ትንሽ ትፈራለች።»
«አይዞሽ በሏት። የመጀመሪያው ቀን ካልፈለገች አትወጣም፤ ፈረሷን ታቦርሻለች፣ በገመድ ይዛ ትሄዳለች፤ ደስ ካላት እኛ ይዘንላት እንዞራለን። እርስዎም አጥሩ አጠገብ ሆነው ማየት ይችላሉ። ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ቦታ አለን፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ሄልሜት ከእኛ ነው፤ ረጅም ሱሪና ተረከዝ ያለው ጫማ ታድርግ።»

ዋጋው አልተደበቀም፤ ግን ሴትየዋ ስልኩን ስትዘጋ ልጇ ሐሙስ ምን እንደምታደርግ ዓይኗ ላይ ነው። ባዶ የነበረውን የሐሙስ ሰዓት አስቀድመው ማቅረብዎንም ያስተውሉ።

ቀጠሮ ሲያዝ የተወሰነ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበሉና የመሰረዣ ደንቡን ወዲያው በጽሑፍ ይላኩ። ደንቡን ሰው ከመቅረቱ በፊት ካወቀው ሥርዓት ነው፣ ከቀረ በኋላ ከሰማው ጠብ ይሆናል።

8. የመጣውን ሰው ያቆዩት

አንድ ጊዜ ጋልቦ የሚሄድ ሰው የማስታወቂያ ወጪዎን እንኳ ላይመልስ ይችላል። ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ የሚመጣ ተማሪ ግን 50 ያህል ክፍለ ጊዜ ይገዛል፤ ወንድሙን፣ ጓደኛውን ይዞ የመምጣቱ ነገር ሳይቆጠር። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሲያበቃ «ደስ አለዎት?» ብሎ መሸኘት ብቻውን በቂ አይደለም። አሰልጣኙ ከፈረስ እንደወረዱ ሁለት ነገር ይንገራቸው፦ ዛሬ የቻሉትን አንድ ነገርና በሚቀጥለው የሚጨምሩትን አንድ ነገር። ያኔ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከአሰልጣኙ ንግግር ቀጥሎ የሚመጣ ይሆናል። የ5 ወይም የ10 ክፍለ ጊዜ ጥቅል ያቅርቡ፤ ከነጠላው ትንሽ ይርከስ፣ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው።

ደረጃዎችን በጽሑፍ ያስቀምጡ። «ፈረስ ይዞ መምራት»፣ «ያለ እርዳታ መጫን»፣ «በእርምጃ ክብ መዞር»፣ «ሶምሶማ ላይ ተነስቶ መቀመጥ» እያለ የሚሄድ ትንሽ ደብተር ለተማሪው ይሰጠው፣ አሰልጣኙም ይፈርምበት። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው፤ የጀማሪነት ደስታው ያልፍና የት እንዳለ አይታወቀውም። ደብተሩ ያን ክፍተት ይሞላል።

9. ዋጋ

በፉክክር መሃል የሚፈትነው ከሁሉም በታች መሆን ነው። አያድርጉት። ሌላ ነጋዴ ዋጋ ሲቀንስ ትርፉ ይሳሳል፤ በፈረስ ሥራ ግን የተቀነሰው የሚወጣው ከፈረሱ ነው፦ ከድርቆሹ ጥራት፣ ከእረፍት ቀኑ፣ ከኮቴ ባለሙያው ቀጠሮ። የአንድ ፈረስ የወር ወጪ ምን ያህል እንደሆነ ይደምሩ፣ በሚሸጠው የሰዓት ብዛት ያካፍሉ፣ የአሰልጣኝና የቦታ ድርሻ ይጨምሩ፤ ከዚያ በታች የሚሸጡት እያንዳንዱ ሰዓት ኪሳራ ነው። ቅናሽ ካስፈለገ ለባዶዎቹ ሰዓቶች ብቻ ይስጡ፣ ምክንያቱንም ይጻፉት፦ «የማክሰኞና የረቡዕ ጠዋት ዋጋ።»

10. ሌሎች ስለ እርስዎ እንዲናገሩ

እርስዎ ስለራስዎ ከሚናገሩት የእንስሳት ሐኪሙ ስለ እርስዎ የሚናገረው ይበልጣል። በሁሉም ጋጣ የሚዞሩትን ባለሙያዎች በሰዓቱ ይክፈሏቸው፣ ፈረሱን አዘጋጅተው ይጠብቋቸው፣ ውኃና ጥላ ያለበት መሥሪያ ቦታ ይስጧቸው። ሰው «ፈረሴን የት ላቆየው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ማንን እንደሚጠሩ ያያሉ። ትምህርት ቤቶችን፣ የአካል ጉዳት ማገገሚያ ማዕከላትን፣ በአካባቢው የእንግዳ ማረፊያ ያላቸውን አንድ ጠዋት ጋብዘው ያሳዩ።

ደስ ብሎት የሄደን ደንበኛ በዚያው ቀን አስተያየት እንዲጽፍ ይጠይቁት፤ መጻፊያውን በመልእክት ይላኩለት። በአስተያየት ፈንታ ቅናሽ ወይም ስጦታ መስጠት ግን ጉግል ይከለክለዋል። ጓደኛውን ላመጣ ደንበኛ አንድ ክፍለ ጊዜ ማበርከት ችግር የለውም።

መጥፎ አስተያየት ሲመጣ ያን ቀን አይመልሱ። በማግስቱ አጭር ያድርጉት፦ የሆነውን ይመኑ፣ ያስተካከሉትን ይንገሩ፣ ስልክ ይስጡ። መልሱን የሚያነበው ከጻፈው ሰውዬ ይልቅ ነገ ሊደውል ያሰበ ሌላ ሰው ነው።

11. የፈረሶችዎን አያያዝ በግልጽ ያሳዩ

እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን (ያኔ የፈረስ ግልቢያን ጨምሮ አምስት ስፖርቶችን የሚያጣምር) ውድድር ላይ አንዲት አሰልጣኝ እምቢ ያለ ፈረስ በቡጢ ስትመታ በቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ዓመት የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ማኅበር ግልቢያ ከ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላ ከውድድሩ እንዲወጣ ወሰነ። በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የፈረሶችን ደኅንነት የሚመለከት ገለልተኛ ኮሚሽን አቋቋመ። በእርስዎ ጋጣም ስልክ ያልያዘ ጎብኚ የለም።

ጥሩ አያያዝ ካለዎት አይደብቁት። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶን ሄነኬና ባልደረቦቹ ያወጡት የአካል ሁኔታ መለኪያ ፈረስን ከ1 እስከ 9 ይመድባል፤ 1 እጅግ የከሳ፣ 9 ከመጠን በላይ የወፈረ ሲሆን 5 መካከለኛው ነው። አንገት፣ ትከሻ አናት፣ ከትከሻ ኋላ፣ የጎድን አጥንት፣ ወገብና የጭራ ሥር በእጅ ተዳስሰው ነው ነጥቡ የሚሰጠው። በወር አንድ ቀን ሁሉንም ፈረስ መዝነው ነጥቡን ከእረፍት ቀኑና ከኮቴ ቀጠሮው ጋር ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ። ተማሪዎችዎንም እንዲዳስሱ ያስተምሯቸው።

የታመመ ወይም የሞተ ፈረስ ሲኖር ተማሪዎቹ ከእርስዎ ይስሙ፣ በዚያው ቀን፣ በቀላል ቃል። ያረጀ ፈረስ ከሥራ ሲወጣ የት እንደሚሄድ ይጠየቃሉ። መልሱ ከአሁኑ ይዘጋጅ፤ ተማሪዎች የጋለቡትን ፈረስ አይረሱም።

12. የቱ እንደሠራ ይመዝግቡ

ለእያንዳንዱ አዲስ ደዋይ «እኛን እንዴት አወቁን?» የሚል ጥያቄ ይቅረብለት፤ መልሱ በደብተር ይግባ። ከስሙ ጎን አራት ነገር ይበቃል፦ ከየት እንደመጣ፣ ቀጠሮ መያዙ፣ ጥቅል መግዛቱ፣ ከሦስት ወር በኋላ መኖሩ። ሦስት ወር ሲሞላ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ከተከፈለ ማስታወቂያ 20 ሰው ደውሎ 1 ከቀረ፣ ከኮቴ ባለሙያው 4 ሰው መጥቶ 3 ከቀሩ የሚቀጥለው ወር ጊዜዎና ገንዘብዎ ወዴት እንደሚሄድ ደብተሩ ነግሮዎታል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ዋጋውን፣ ፎቶውንና ሰዓቱን አብረው ከቀየሩ የቱ እንደሠራ አይታወቅም።

የመጀመሪያውን ስሌት በየወሩ ይድገሙት። ከ90ው ሰዓት 80 ያህሉ ሲሞላ ማስታወቂያውን ያቁሙና የተጠባባቂ ዝርዝር ይክፈቱ፤ የቀረው ሰዓት ለታመመ ፈረስና ለዝናብ ቀን መጠባበቂያ ይሁን። በዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ ይደወልለት፣ ያለው ክፍት ቦታ ረቡዕ ጠዋት ከሆነም ረቡዕ ጠዋት ይባል። ዝርዝሩ ለጥቂት ወራት ሳይቀንስ ከቆየ ዋጋ ለመጨመር ወይም ሰባተኛ ፈረስ ለመግዛት ጊዜው ደርሷል፤ ከሁለቱ መጀመሪያ ዋጋውን ይሞክሩ፣ ምክንያቱም ዋጋ ካልተስማማ መመለስ ይቻላል፣ ፈረሱ ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ ድርቆሽ ይፈልጋል።